የእጅ ሥራ ደስታም ከእግዚአብሔር ነው



በቤተ ክርስቲያናችን በሥነ ጥበብ የተመረቀች አንዲት እህት አለች። ሙያዋ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው የሠርግ መድረክ ሲያምርና የኮንፈረንስ ባነር ሲዘጋጅ ነው። በቅርቡ ወደ ሽማግሌዎች ቀርባ፣ “አንድ ቅዳሜ ስጡኝና ለሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችና ለአገልጋዮች ቀርጾ ማተም ላሳያችሁ” አለችን። ሐሳቡን ወደድነው። ነገር ግን ከወገኖች መካከል አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ “መቅረጽ ከሆነ፣ የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለው ትእዛዝስ?”

ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። በእኛ በወንጌላውያን መካከል የሚመልስለት አጥቶ ብሩሹን ያስቀመጠ ወጣት እናውቃለን። ስለዚህ ከቅዳሜው በፊት መጽሐፍ ቅዱሳችንን አብረን ከፈትን።

በዘጸአት 20 ያለው ትእዛዝ የሚከለክለው የሚሰገድለትንና የሚመለከውን ምስል ነው። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ፣ በምዕራፍ 28 ደግሞ በሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያ ሮማኖች እንዲደረጉ ያዝዛል። ሰሎሞን በሠራው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይም የዘንባባ ዛፍና የፈነዳ አበባ ተቀርጾ ነበር (1ኛ ነገ. 6፥29)። ባስልኤልንም እናስታውስ (ዘጸ. 31፥1-5)። ስሙ ተጠርቶ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ በመጽሐፍ ቅዱስ አስቀድሞ የተነገረለት ሰው ካህን ወይም ነቢይ ሳይሆን የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነው! የተሐድሶ አባቶችም ከዚህ ሥራ አልሸሹም። እ.ኤ.አ. በ1522 ማርቲን ሉተር የተረጎመው አዲስ ኪዳን ሲወጣ፣ በዮሐንስ ራእይ ክፍል የገቡት ሥዕሎች በሉካስ ክራናኽ የሥራ ቤት በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሰንበት ትምህርት ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አንዳንዶቻችን ከአምሳ አልፈናል፤ ከትምህርት ቤት ወዲህ ሥዕል ያልሞከርንም ነበርን። እህታችን ለእያንዳንዳችን አንድ ቁራጭ ሊኖሊየም ሰጠችን። ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፍሬድሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ ለወለል ንጣፍ ብሎ የፈለሰፈው ነው። ከምን እንደሚሠራ ስትነግረን ሁላችንም ሳቅን፤ ዋናው ነገሩ የተልባ ዘይት ነው! ዘይቱ ከቡሽ ዱቄትና ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በጆንያ ጨርቅ ላይ ይለበጣል። ለመቅረጽ እንዲለሰልስ ጥቂት ፀሐይ ላይ አሰጣነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሥዕሉን በእርሳስ ትነድፋላችሁ፤ ከዚያም ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን በትንሽ መቅረጫ ትፍቃላችሁ። መቅረጫው ስለት ስላለው የሌላው እጅ ሁልጊዜ ከኋላው ይሆናል። ቀጥሎ ቀለሙን በሮለር ስስ አድርጋችሁ ትቀባላችሁ፣ ወረቀት ታለብሳላችሁ፣ ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ ታሻላችሁ። የተፈቀው ቀለም ስለማይነካው ነጭ ይሆናል፤ የቀረው ይታተማል። ቀኝ የነበረው ወደ ግራ ይዞራል። ፊደል የሚቀርጽም በግልባጭ መቅረጽ አለበት። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት፣ ፊደሎቹ ሲቀረጹ እንዲሁ ተገልብጠው ነበር።

ለአንድ ሰዓት ያህል በክፍሉ የተሰማው የመቅረጫ ድምፅ ብቻ ነበር። ስልክ ያነሣ አልነበረም። ከዚያ የመጀመሪያው ወረቀት ከጥጉ ቀስ ብሎ ሲነሣ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ጀበና! ትንሽ ያዘነበለ፣ ጥቁርና ነጭ ጀበና። ያየነውን ጊዜ እንደ ሕፃናት እልል አልን።

ከመካከላችን የጸሎት ቡድናችን እናት አሉ፤ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። እርሳቸው መሶብ ቀረጹ። ሠዓሊዎች ከህትመቱ በታች ቁጥሩንና ስማቸውን በእርሳስ ይጽፋሉ። የእርሳቸው ተራ ሲደርስ እህታችን፣ “እማማ፣ እኔ ልጻፍልዎት?” አለቻቸው። “ተዪ ልጄ፣ እኔ የምፈርመው በጣቴ ነው” አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነክተው ከመሶቡ ሥር አተሙ። እስከዚያ ቀን ጣታቸው ቀለም የነካው በቀበሌና በባንክ፣ ሌላ ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ ነበር። ያን ቀን በገዛ እጃቸው ሥራ ላይ ፈረሙ። ወረቀቱን ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም “ጌታ ይመስገን፣ ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ” አሉ።

ወገኖች ሆይ፣ እኛ አገልጋዮች ያየነውን ሁሉ ወደ ስብከት የመለወጥ ልማድ አለን። ከዚህም ትምህርት አይጠፋም። ዕብራውያን 1፥3 ልጁ የአብ ባሕርይ ምሳሌ መሆኑን ሲናገር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ከመቅረጽና ከማኅተም ሥራ የመጣ ነው፤ በኤፌሶን 2፥10 የእግዚአብሔር ሥራ መሆናችንን የሚገልጸው ቃልም የተሠራን ነገር ያመለክታል። ማኅተም ስናይ የቀረጸውን እናውቃለን፤ ልጁን ያየ አብን አይቷል።

ሆኖም ደስታው ራሱ፣ ትምህርት ባይወጣበትም፣ ስጦታ መሆኑን ልንነግራችሁ እንወዳለን። ዘፍጥረት 2፥9 ስለ ገነት ዛፎች ሲናገር ለዓይን ማማራቸውን ያስቀድማል፤ ለመብል መልካም መሆናቸውን ያስከትላል። እግዚአብሔር የሠራውን አይቶ ደስ የሚለው አምላክ ነው። በእርሱ መልክ የተፈጠረ ሰውም ሠርቶ፣ አይቶ ደስ ሲለው ጊዜ አላባከነም። አገልግሎት የደከመው፣ ጸሎቱ እንኳ እንደ ሥራ ዝርዝር የሆነበት ወንድም ወይም እህት ካለ፣ አንድ ቀን እጁን ቀለም ቢነካው እንመክራለን። እንጨትም ይሁን ክር፣ ሸክላም ይሁን ወረቀት፣ የሠራውን ለጌታ ያሳየው፤ ያመስግንበት።

ሽማግሌዎችና ወላጆችም ሆይ፣ በመካከላችሁ ያሉትን ባስልኤሎች በስማቸው ጥሯቸው። ልጁ በደብተሩ ጠርዝ ሲስል “ትምህርትህን አጥና” ከማለታችን በፊት፣ ሥዕሉን አንድ ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው።

ጌታ ሆይ፣ የእጃችንን ሥራ አጽናልን፤ የሰጠኸንም ደስታ ወደ አንተ ይመልሰን። አሜን።