ወላድ በድባብ ትሂድ

«ወላድ በድባብ ትሂድ» ብለው የመረቁን አባቶችና እናቶች ሞተር ብስክሌት የሚሉትን ነገር አላዩም። ድባብ የንጉሥና የታቦት ጥላ ነው። ይህን ያህል ክብር የተመኙላት ወላድ ዛሬ በእኛዋ አዲስ ቅዳም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከሞተረኛው ኋላ በአንድ ጎን ተፈናጥጣ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ለት ገበያ ሲፈታ ቆሞ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚያልፈው አስፋልት ለከባድ መኪናው ነው። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባውን የጭቃ መንገድ የሚደፍረው ሞተሩ ነው፤ አንዱ የዲከረንስ ከሰል፣ አንዱ ድርስ እርጉዝ ጭኖ ይወርዳል። ያየ ሁሉ ታዲያ «ሆድሽ ይናጣል፣ ያስወርድሻል» ይላታል።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ከከተማው ራቅ ባለ ትምህርት ቤት ሳስተምር ነበርና ይህን ምክር ጠግቤዋለሁ። ምክሩ የሚያስፈራን ሌላ፣ አደጋው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርስ ውርጃ ብዙውን ጊዜ መነሻው የፅንሱ የራሱ አፈጣጠር ጉድለት ነው፤ ስንቷ እናት ግን «ሞተር ላይ ወጥተሽ ነው» ተብላ በሐዘኗ ላይ ወቀሳ ተሸክማለች!

ዋናው አደጋ መውደቅ ነው። እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ማሕፀን በዳሌ አጥንት ተከልሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከአጥንቱ በላይ ይወጣል። ሆድ ሲገፋ የሰውነት ሚዛን ይለወጣል፣ መገጣጠሚያም ይላላል። የወደቀች እርጉዝ ላይዋ ሳይቆስል እንግዴ ልጁ ከማሕፀን ግድግዳ ሊላቀቅ፣ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሆዷን የተመታች ሴት «ደኅና ነኝ» ብላ ቤቷ አትግባ፤ ትታይ። ደም ወይም የእንሽርት ውኃ ከፈሰሳት፣ ሆዷን ካመማት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባትማ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

«እንግዲያው አትሳፈሪ» ማለት ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ትገናኝ ይላል። ደርሶ መልሱ ዐሥራ ስድስት ጉዞ ነው። በአገራችን በጤና ተቋም የሚወለደው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ያህል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሰ። እነዚያ እናቶች የደረሱት በእግር፣ በቃሬዛ፣ በአምቡላንስ፣ በባጃጅ፣ በሞተርም ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን የገባበት ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ምርጫዋ ይበልጥ ይጠብባታል። ሞተሩን ከልክሎ ሌላ መጓጓዣ ያልሰጣት ሰው ከሐኪም ነው የሚያርቃት።

እኔ ሞተረኛዬን መርጬ፣ ሦስተኛ ሰው እንዳይጭን ለብቻዬ ከፍዬ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ በእግሬ እየሄድኩ ነበር የምመላለሰው። ግራና ቀኝ አንፈራጥጬ ስቀመጥ የሳቀብኝ ነበር፤ ይሳቅ። ነጠላዬን ጎማ እንዳይስበው ወገቤ ላይ አጥብቄ፣ ሔልሜት አጥልቄ ሄድኩ። ስድስተኛው ወር ሲገባ ግን ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ኪራይ መክፈል የምትችል ሁሉ አይደለችም። ለዚህ ነው በየጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ትልቅ ነገር የሚሆነው፤ ቀኗ ሳይደርስ የገባች ሴት ምጥ ይዟት ሞተር ላይ አትወጣም።

አዊ የፈረስ አገር ነው፤ የፈረሰኞች ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥሩ ፈረሰኛ ልጓም መያዝም እንደሚያውቅ እዚህ ለማንም አይነገርም። ሞተረኛውንም በዚሁ እንለካው።

ደግሞስ በየሰፈሩ ዕድር አለን። ለሞተ ሰው ድንኳን ገዝተን አስቀምጠናል። ለምትወልድ ሴት የባጃጅ ኪራይ አስቀድሞ ማዋጣት ያን ያህል ይከብደናል?