ክር ሲበጠስ የማያውቀው ፕሮግራሜ

ክፍል ውስጥ የተማርነው ቀመር ፋብሪካ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ከራሴ ተሞክሮ ላካፍላችሁ ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ለተግባር ልምምድ የወጣሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር። የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስፌት ለኛ ለኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ትልቅ መማሪያ ሆኗል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎአ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትታገድ ደግሞ የምትባክን እያንዳንዷ ሰከንድ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ሁሉም አየ።

የኔ ሥራ የሸሚዝ መስመሩን ማመጣጠን ነበር። የመስመሩን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉም የሚዘገየው የሥራ ቦታ ነው፤ እሱ 60 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት ከ60 ሸሚዝ በላይ አይወጣም። 20 ሥራዎችን በተራ ለመደርደር ምንም ገደብ ባይኖር ከ2.4 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጥ አማራጭ አለ። በእጅ የሚሞከር አይደለም! ስለዚህ ጆን ሆላንድ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀውን ጀኔቲክ አልጎሪዝም ተጠቀምኩ። ፕሮግራሙ የተሻሉትን ድልድሎች እየመረጠ፣ እያዳቀለና ጥቂት ጥቂት እየለወጠ 48 ሰከንድ አመጣልኝ። በሰዓት 75 ሸሚዝ ማለት ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ተሞከረ። ረፋድ ላይ አንዲት ሠራተኛ ፊት ጨርቅ ተቆለለ። ፕሮግራሜ ሁለት ሥራ፣ ያውም በሁለት ዓይነት መኪና የሚሰፋ፣ ለሷ ሰጥቷት ኖሯል። ቀና ብላ፣ «ወንድሜ፣ ኮምፒዩተርህ ክር ሲበጠስ ያውቃል እንዴ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ከመኪና መኪና መዞሩን፣ ክር መቀጠሉን፣ ድካሙን አንዱንም አልነገርኩትም ነበርና። አልጎሪዝሙ ምን አጠፋ? የጠየቅኩትን መለሰልኝ።

ሁለት ቀን አጠገቧ ቆሜ ሰዓት ያዝኩ። የባከነውን ጊዜ ጨምሬ፣ አንድ ሰው ከአንድ ዓይነት መኪና በላይ እንዳይደርሰው ገደብ አስገብቼ እንደገና አሠራሁት። ውጤቱ 52 ሰከንድ፣ በሰዓት 69 ሸሚዝ ገደማ ሆነ። በወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ቁልሉ ግን ጠፋ፣ እሷም መተንፈሻ አገኘች።

«ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ጓደኞቼ፣ ቀመሩን ከመጻፋችሁ በፊት መኪናው ላይ የተቀመጠችውን ሰው ጠይቁ። ኮምፒዩተር ምርጡን መልስ ይፈልጋል እንጂ፣ ምርጥ ማለት ምን እንደሆነ የምንነግረው እኛው ነን።