ጣሪያው ማንን አስጠለለ?

«የወለድ ጣሪያ» ብዬ በተረጎምሁ ቁጥር ቃሉ ያጠራጥረኛል፤ ጣሪያ መጠለያን ያሳስባልና። የኬንያ ፓርላማ በ2016 እ.ኤ.አ. በማዕከላዊ ባንኩ ተመን ላይ ከ4 የመቶኛ ነጥብ በላይ የብድር ወለድ እንዳይጨመር ሲደነግግ፣ በሌላው ሁሉ የሚናቆሩት የገዥውና የተቃዋሚው ወገን እንደራሴዎች ተስማምተው ነበር። ሐሳቡ ተበዳሪውን ከውድ ወለድ ማዳን ነበር። ይሁን እንጂ ባንኮች ዋስትና የሌለውን ነጋዴ ሸሽተው ለመንግሥት ማበደርን መረጡ። ብዙ ቸርቻሪዎችም ወለዱ ወደሚብሰው የስልክ ብድር ዞሩ። ጣሪያው በ2019 ተነሣ።

ስለዚህ ከፓርቲዎች ጠብ ይልቅ ስምምነታቸው ያሳስበኛል። ሲጣሉ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያጋልጣል፤ በገበያው ዋጋ ላይ እጃቸውን በአንድነት ሲያነሡ ግን ለቸርቻሪው የሚከራከርለት ማን ነው?