ጤፍ በቁና፣ ወርቅ በወቄት

ጤፍ በቁና ይሰፈራል፤ ወርቅ በወቄት ይመዘናል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ግን ይህን ቀላል ደንብ ስንት ጊዜ እንደሚዘነጋው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረው መምህር ጠንቅቆ ያውቃል። ተማሪዎቹ አጭር ልብ ወለድን «ቶሎ አለቀ» ብለው ሲነቅፉ፣ ኮሜዲን «ቁም ነገር የለውም» ብለው ሲያጣጥሉ፣ መልሱ ሁልጊዜ በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ከቅኔ ቤት የቀሰመው ትምህርት ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጉባኤ ቃናን «ስምንት ቤት አልሞላህም» ብሎ የሚከስ ዳኛ የቅኔውን ጉድለት ሳይሆን የራሱን አላዋቂነት ይመሰክራል።

ይህ እውቀቱ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቱ፣ ባልጠበቀው ችሎት ተፈተነ።

ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከተማ አቀፉን ፈተና ለመውሰድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። መምህራኗ የመልመጃ ጥያቄዎችን በቴሌግራም ቢልኩላትም ስልኩ አልቀበል አለ። «አባዬ፣ ሚሞሪው ሞልቷል» አለችው። ስልኩን ያመጣላት ዋሽንግተን የሚኖረው አጎቷ ሲሆን፣ ውስጡ በጨዋታ ተጨናንቋል። ከፊሉን አጎትየው ገዝቶ የጫነላት ነው፤ ከፊሉን እሷው ራሷ በነፃ ያወረደችው ነው። መምህሩ «ሁሉንም አጥፊው» ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ቃሉን መለሰ። ሳያነብ መጽሐፍ የሚያግድን ሰው ዕድሜ ልኩን ሲነቅፍ ኖሯልና፣ ሳያይ መፍረዱን ኅሊናው አልወደደውም። ስለዚህ እሷ ማታ ማታ ከተኛች በኋላ ስልኩን እየተረከበ ጨዋታዎቹን ሊመረምር፣ በሳምንቱም ብያኔውን በደብተር ጽፎ ሊያነብላት ተስማሙ።

በመጀመሪያው ምሽት ጨዋታዎቹን በየዘራቸው ለያቸው፤ የእንቆቅልሽ፣ የሩጫ፣ የጦር ስልት፣ የትረካ። ለእያንዳንዱም ዘር የራሱን መስፈርት አወጣለት።

ከእንቆቅልሾቹ መካከል ቀድሞ የከፈተው ቴትሪስን ነበር። ይህን ጨዋታ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተባለው ሰው ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከላይ የሚወርዱት ቅርጾች ሰባት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም የተገጣጠመው ከአራት ካሬዎች ነው። ደንቡን ለሕፃን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ጥልቀቱን ግን ዓመታት የተጫወተ ሰውም አልጨረሰውም። መምህሩ በደብተሩ ላይ እንዲህ ሲል አሰፈረ፦ «የእንቆቅልሽ ውበቱ በጥቂት ደንብ ብዙ ማሳሰቡ ነው። ተሸናፊውም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አምኖ መሸነፍ አለበት።»

ወደ ሩጫው ሲሻገር ሚዛኑን ለወጠ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በሠራው «ኩኩሉ» ውስጥ አንዲት ዶሮ ከገበሬው ትሸሻለች። ስሙ ራሱ «ኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» እየተባለ የሚመለስበትን የድብብቆሽ ዘመን ያስታውሳል። ከእንዲህ ያለው ጨዋታ ጥልቅ ሐሳብ መጠየቅ ከዶሮ ወተት መጠበቅ ነው። የሩጫ ጨዋታ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ጣት ያዘዘውን ዓይን ወዲያው ያየዋልን? እንቅፋቱ ለመዝለል ጊዜ ይሰጣል ወይስ ያደባል? የወደቀውስ ተነሥቶ እንደገና ለመሮጥ ይጓጓልን?

በጦር ስልቱ ዘር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ከፊንላንድ የወጣውን ክላሽ ኦፍ ክላንስን ነው። ተጫዋቹ መንደር ይቆረቁራል፤ አጥር ያጥራል፤ ጦር ያዘምታል። አስቦ መሥራትን ይጠይቃልና መምህሩ በዚህ አመሰገነው። ነገር ግን አንዱን ሕንፃ ለማሳደግ ሰዓታት፣ ሲብስም ቀናት መጠበቅ ግድ ይላል፤ ጥበቃውንም በእውነተኛ ገንዘብ በሚገዛ ዕንቁ ማሳጠር ይቻላል። «በሰንጠረዥ የተከበበን ንጉሥ በገንዘብ ማስፈታት አይቻልም» ሲል ጻፈና ነጥቡን ቀነሰበት።

ከትረካዎቹ መካከል ልቡን የማረከው እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ውስጥ የተሠራው ሞኑመንት ቫሊ ሆነ። ኢዳ የምትባል ዝምተኛ ልዕልት፣ የሆላንዱን ሠዓሊ የኤሸርን ሥዕሎች በሚያስታውሱ፣ በዓይን እንጂ በግንበኛ እጅ ሊሠሩ በማይችሉ ሕንፃዎች መካከል ትጓዛለች። አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በሁለት ምሽት ጨረሰው። ሠሪዎቹ በዚያው ዓመት ተጨማሪ ምዕራፎችን በክፍያ ሲያቀርቡ፣ እንደገና መክፈላቸው ያበሳጫቸው አንዳንድ ገዢዎች ዝቅተኛውን አንድ ኮከብ ሰጥተውት እንደነበር መምህሩ ሲያነብ ፈገግ አለ። ጉባኤ ቃናን በመወድስ የሚለኩ ዳኞች በሌላም አገር እንዳሉ ታየው።

በአራተኛው ምሽት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ካንዲ ክራሽን ከፈተ። ባለ ብዙ ቀለም ከረሜላዎችን ሦስት ሦስት እያሰለፉ ማፈንዳት ነው። ደንቡ ቀላል፣ ቀለሙ ብሩህ፣ ድምፁ ጆሮ የሚያባብል ነበርና በእንቆቅልሽ መስፈርት ከአሥር ዘጠኝ ሰጠው። ለተጫዋቹ አምስት «ሕይወት» ይሰጠዋል፤ በተሸነፈ ቁጥር አንዷ ትጎድላለች፤ የጎደለችውም የምትመለሰው ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ነው። መምህሩ በዚያ ሌሊት አምስቱንም ጨረሰ። ቢተኛም እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ሠላሳ ደቂቃው መሙላቱን ሊያይ ተነሣ። በማግስቱም ሌሊት እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም። ጠረጴዛው ላይ የ48 ተማሪዎች ድርሰት ሳይታረም ተከምሮ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መምህሩ መነጽሩን አጥልቆ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፣ ብያኔውን ለልጁ አነበበላት። ልጅቱ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«አባዬ፣ ሌሊት ሌሊት ስትጫወት የነበረው የትኛውን ነው?»

መምህሩ ዝም አለ።

«መብራቱ በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር» አለች፤ እንደ መውቀስ ሳይሆን እንደ መርዳት ባለ ድምፅ።

እንግዲህ በደብተሩ ላይ የተጻፈው መስፈርት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ዳኛው በየዘሩ የሚለያየውን ሚዛን ሲያበጃጅ፣ ለሁሉም ዘር የሚሠራውን አንድ ጥያቄ ረስቶት ነበር። ይህም «ጨዋታው ተጫዋቹን ያሰናብታልን?» የሚለው ነው። ቴትሪስ መጨረሻ የለውም፤ ግን ተጫዋቹን ያሸንፈውና ያሰናብተዋል፤ የተሸነፈውም ስልኩን አስቀምጦ ይነሣል። ሞኑመንት ቫሊ እንደ ተውኔት መጋረጃውን ይዘጋል። ያ የከረሜላ ጨዋታ ግን ተጫዋቹን ከደጅ ያስወጣዋል እንጂ አያሰናብተውም፤ «ሠላሳ ደቂቃ ቆይተህ ተመለስ» ብሎ በር ላይ ያቆመዋል። ስለ ይዘትና ቅርፅ በክፍል ውስጥ ለዓመታት የተናገረው መምህር በራሱ ላይ የደረሰውን የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ቅርፁ የተዋጣለት ነበር፤ ይዘቱ ግን የተጫዋቹ የገዛ ሌሊት ሆነ።

ይህን ሲያስብ የሃኖዩ የዶንግ ንጉየን ነገር ታወሰው። ይህ ቬትናማዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍላፒ በርድ የተሰኘችውን፣ አንዲት ወፍ በቧንቧዎች መካከል የምትበርባትን ጨዋታ አወጣ። በየካቲት 2014 (እ.ኤ.አ.)፣ ጨዋታዋ በዓለም ዙሪያ በምትወርድበትና ገንዘብ በምታስገባበት ሰዓት፣ በገዛ ፈቃዱ ከገበያ አነሣት፤ ሰዎችን ሱሰኛ እያደረገች መሆኗን ምክንያት አድርጎም ተናገረ። የራሱን ሥራ በራሱ ላይ ሊመሰክር የሚችል ሠሪ ብዙ አይገኝም።

መምህሩ ደብተሩን አጠፈና ፍርዱን ለልጁ ለቀቀላት። ልጅቱ ከረሜላውን አጠፋች፤ የጦር መንደሩንም አጠፋች። ከዚያ ጣቷ በሞኑመንት ቫሊ ላይ ሲያርፍ አባቷ ደነገጠ።

«እሱማ ከሁሉ የሚበልጠው ነው!»

«ጨርሼዋለሁ እኮ፣ አባዬ። አንተስ አንብበህ የጨረስከውን መጽሐፍ ለሰው ታውስ የለ? ብታጠፋውም አትረሳውም።»

መልስ አልነበረውም። ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታ ከስልኩ ወጣ። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ቴትሪስ፣ ያቺ የምትሸሽ ዶሮ፣ እና መምህሩ በየትኛው ዘር እንደሚመድበው ግራ ገብቶት ያለፈው የገበጣ ጨዋታ። ይህን የመጨረሻውን ልጅቱ የምትጫወተው ከአያቷ ጋር ነው። ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለው ተራ በተራ ይነካሉ። የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያልና አሮጊቷ ከስልኩ ጋር መሟገታቸው አይቀርም፤ «በእኛ አገር እንዲህ አይበላም! ይኼ የማን አገር ሰው ነው የሠራው?» ይላሉ። ቀጥለውም ጠጠሩ በእጅ የማይጨበጥ መሆኑን ያማርራሉ። ግን ይጫወታሉ፤ ሲመሽም «በቃን፣ ልጄ» ብለው ይነሣሉ።

በዚያው ምሽት የመልመጃ ጥያቄዎቹ ወደ ስልኩ ገቡ። ልጅቱ ወደ ጥናቷ ገባች፤ አባቷም ወደ 48ቱ ድርሰቶች። የመጀመሪያውን ከክምሩ አነሣ። ሦስት ገጽ ከታዘዘው ተማሪ የመጣው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ «አጭር ነው» ሊል ሁለቱን ፊደላት ከጻፈ በኋላ እጁን ገታ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ድርሰቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ማንበብ ያዘ።