እፍ ያልናት ጠብታ

ይሄ ጽሑፍ በተለይ ኬሚስትሪ ያስተማርኳችሁን ልጆች ይመለከታል። አንድ ነገር ተሳስቼ አስተምሬያችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዘመድ ይዤ ሆስፒታል ሄጄ ላብራቶሪው በር ላይ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ነጭ ጋወን የለበሰች የድሮ ተማሪዬ ናት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሥራው ቀለል ሲልላት ቡና ጋበዘችኝና እየሳቀች፣ «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ የመጨረሻዋን ጠብታ እፍ በሏት ይሉን ነበር። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ላብ ላይ እፍ ስል መምህሩ ሰው ፊት ‹ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?› አለኝ» አለች።

«ምን አልሽው?»

«ዝም አልኩ።»

ቡናው አልወረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስማር የነበረን ፒፔት አናቱ ላይ ሁለት ቀለበት የተሠመረበት ነበር። እሱ ዓይነቱ የመጨረሻዋ ጠብታ ተነፍታ እንድትወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለው ግን ሆዱ ያበጠው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቀለበት የለውም። ጫፉ ላይ የምትቀረው ጠብታ መጀመሪያውኑ ከሒሳብ ውጪ ናት። እኔ ሁሉም አንድ መስሎኝ ስንት ዓመት እፍ አስባልኳችሁ! የቲትሬሽን ውጤታችን ትንሽ ከፍ እያለ ሲመጣ ትዝ ይላችኋል? «ኬሚካሉ አሮጌ ሆኖ ነው» እላችሁ ነበር።

በአፍ መሳብን ግን አላስተማርኳችሁም፤ እሱን አመስግኑኝ። ተማሪ እያለሁ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አፌ ገብቶ ምላሴ እንደ ሳሙና ሲሙለጨለጭ ስለማውቀው፣ ሲሪንጅ ላይ ቁራጭ የግሉኮስ ቱቦ ሰክቼ ነበር የማስስባችሁ።

አንዲት ጠብታ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ናት። ለአንደኛ ደረጃ ባለ 10 ፒፔት የሚፈቀደው ስህተት ግን 0.02 ነው። ፒፔቱ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን ደግሞ ያቺው ጠብታ 5 በመቶ ትሆናለች። ልጅቷ የምትሠራው በሰው ደም ነው።

ከቡናው በኋላ ማይክሮፒፔት አሳየችኝ። በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። ይሄን መሣሪያ በ1957 እ.ኤ.አ. ጀርመን ማርቡርግ ከተማ የፈጠረው ሃይንሪሽ ሽኒትገር የሚባል ሐኪም ነው። በውሃ እንድሞክር ሰጠችኝ፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ተጭኜ ሳብኩ።

«አይ ቲቸር፣ ሲስቡ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ነው። እስከ ሁለተኛው የሚጫኑት ሲለቁት ነው።»

ለካ እዚህኛው ላይ ራሱ መሣሪያው ነው እፍ የሚለው! ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው «አሁን ተሳክቷል» አለችኝ። በኔው ድምፅ ነው ያለችው፣ እንዲያውም ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ።

ሰኞ ላብ ገብቼ ውሃ በሚዛን ለካሁ። ሳልነፋ 9.97፣ 9.98፣ 9.96 ግራም። ስነፋ 10.02፣ 10.04፣ 10.01። ውሃው በላቡ ሙቀት 10 ሚሊ ሊትሩ ከ10 ግራም ትንሽ ማነስ ስላለበት ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ፒፔቱን በዚያው በምትለኩት ፈሳሽ አለቅልቁት። ከምልክቱ በላይ ስባችሁ አናቱን በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት ዝጉ፤ አውራ ጣት አይታዘዝም። ጫፉን ከውጭ ጥረጉ። ምልክቱን ዓይናችሁ ትክክል አምጡና የፈሳሹ ጎድጓዳ ሆድ መስመሩን እስኪነካ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ስትቀዱ ጫፉ የፍላስኩን ግድግዳ ይንካ፣ በራሱ ይውረድ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና አንሱት። የቀረችውን ጠብታ ተዉአት።

ነገ ተረኛዋ 10ኛ «ቢ» ናት። መጀመሪያ ምንም ሳልነግራቸው ሚዛኑን አስይዣቸው ሁለቱንም ዓይነት ራሳቸው ይለካሉ። ከዚያ የልጅቷን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ስሟን እንዳልጠራ አስምላኛለች።