ስንት ሆነ?

ስለ ሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም የሚጽፍ ሰው ከክፍላችን ተማሪዎች ቢፈለግ እኔን የሚጠራ አይኖርም። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ከኋላ ስፈናጠጥ እንኳ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም.፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቆሜ ሰዓት የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ወንድም ጋሼ ያኔ የገጠር ሥራ ላይ ነው። ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ነው (ይህን እዚህ መጻፌን ባይሰማ ደስ ይለኛል)። አምስት ስድስት ሆነው ይወጣሉ። ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፤ መንገዱ አይበቃም፣ አይሱዙ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው አለ፣ ከብት አለ። አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ምልክት ካደረጉበት ባሕር ዛፍ ዞረው ይመለሳሉ። እኔ በስልኬ ሰዓቱን ይዤ በደብተር እመዘግባለሁ። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሁሌ ያወሩታል፤ ግን ፍሬኑ የጋለ ከባድ መኪና በሚወርድበት ገደል ሄዶ የሞከረ ከመካከላቸው አልነበረም።

የደጋው ጠዋት ብርድ ጣት ይቆርጣል። ሞተሩ ከዓይን ሲሰወር ድምፁ ብቻ ይቀራል፣ ቆይቶ ድምፁም ይጠፋል። ከዚያ ዝምታ ነው። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። በመጨረሻ እንደ ንብ ያለ ነገር ከሩቅ ይሰማል። እውነቱን ልናገርና እኔ የምሄደው ለዚያች ዝምታ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ፍጥነቱም ጭስ ጭስ ማለቱም፣ ለእኔ ምንም አይደለም።

አንድ ማታ ወንድም ጋሼ ከጓደኛው የቀዳውን ቪዲዮ አሳየኝ። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል አይል ኦፍ ማን የምትባል ደሴት አለች። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝብ የሚሄድበትን መንገድ ዘግተው ሞተር ይሽቀዳደሙባታል። በ1911 የተጀመረው የተራራው ዙር 60 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ደጀን ለመድረስ ጥቂት እንደሚቀረው ማለት ነው። ከ200 በላይ ኩርባ አለው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥርና የሰው ቤት ነው። በ2023 ፒተር ሂክማን የተባለ ሰው በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ዞሮታል። አማካዩ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው! እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እነሱም እንደ እኛዎቹ አንድ በአንድ ነው የሚነሡት፣ በየአሥር ሰከንዱ። የሚሽቀዳደሙት ከሰዓት ጋር ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ባለፉት መቶ ዓመታት ከ260 በላይ ተወዳዳሪ ሞቷል። በ1972 ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ ሲሞት፣ አሥራ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጃኮሞ አጎስቲኒ ሁለተኛ እዚያ አልወዳደርም ብሎ ቀረ። ከ1976 በኋላ ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። ይቆማል ሲባል ግን አልቆመም፤ ይባስ ብሎ ሰው ይጎርፍ ጀመር።

ወንድም ጋሼ ደጋግሞ የሚያወራው ስለ ደንሎፕ ቤተሰብ ነበር። ጆይ ደንሎፕ ደሴቲቱ ላይ 26 ጊዜ አሸንፎ በ2000 ኢስቶንያ ውስጥ በውድድር ላይ ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በግንቦት 2008 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ፣ ሐሙስ ማታ በልምምድ ላይ ሞተ። ቅዳሜ የሮበርት ልጅ ማይክል እዚያው መንገድ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ2018 ደግሞ የማይክል ወንድም ዊልያም በልምምድ ላይ ሞተ። ማይክል አላቆመም፤ በ2024 የአጎቱን የ26 ድል ክብረ ወሰን ሰብሮታል።

ይህን ሲያወራ እማዬ ጓዳ ሽሮ እየነፋች ነበር። ስለ ድሉም ስለ ሞቱም ምንም አላለች። ወንፊቱን አስቀምጣ፣ «እናቱስ?» አለች።

«የማን እናት?»

«የዚያ የልጁ፣ ቅዳሜ የተሽቀዳደመው።»

ወንድም ጋሼ መልስ አልነበረውም። ቆይቶ፣ «አባትሽስ ቢሆን?» አላት። እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። እናቴ የእንጅባራ አካባቢ ልጅ ናት፣ የፈረስ አገር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉ ሲከበር ፈረሱ አደባባዩን ሲሞላው ነው የሚታየው። አያታችን በወጣትነቱ ጉግስ ሲጫወት የተወረወረ ዘንግ ቅንድቡን ሰንጥቆታል። ያንን ጠባሳ እማዬ ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ነው የምታወራው።

«ፈረስ ዓይን አለው» አለች። «ጉድጓዱን ካንተ ቀድሞ ያያል። ያንተ ብረት ምን ያያል?»

እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይኼኛውን የሚያህል አላገኘሁም። ግን እሱም ሙሉ እውነት አይመስለኝም፤ የአያቴን ቅንድብ ፈረሱ አላዳነውም።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ወንድም ጋሼ ሦስተኛ ሆኖ ተነሣ። ድምፁ ጠፋ። ዝምታው መጣ፣ እኔም እንደ ልማዴ አጣጣምኩት። ከዚያ ረዘመ። አንዱ «ነዳጅ ጨርሶ ይሆናል» አለ። ማናችንም አላመንነውም፣ ሁላችንም ግን «አዎ፣ ነዳጅ ነው» አልን። በኋላ ስንደርስ አንዲት ጥጃ ቦይ ውስጥ ቆማ ሣር ትግጣለች፣ እሱ ከአስፋልቱ ማዶ ወድቋል። ሄልሜቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ቀኝ እግሩን ለማየት አልደፈርኩም።

ሆስፒታል ነፍሱን ሲያውቅ እማዬ ራስጌው ነበረች። ዓይኑን ገልጦ እኔን ፈለገና፣ «ስንት ሆነ?» አለኝ።

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ለካ ሰዓቱን አላቆምኩትም። ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ብሎ አሁንም ይሮጣል። እማዬ አየችው። ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ጥፋቱ የጥጃዋ ነው የሚሉ አሉ፣ የእሱ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማስበው ስለ ደብተሩ ነው። ያለፈው ሳምንት ቁጥር ተጽፎ ባይጠብቀው እዚያች ኩርባ ላይ ፍሬን አይዝም ነበር ወይ? እሱ «አንተን ምን አገባህ» ብሎ ይስቃል። እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ካገገመ በኋላ እማዬ ቁልፉን ዱቄት ውስጥ ብትደብቀውም አግኝቶት ወጥቷል። እኔ ግን ሰዓት ይዤለት አላውቅም።

ደብተሩን አላቃጠልኩትም፣ ከመጻሕፍቴ ሥር ነበር። ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ እማዬ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስትገልጠው አገኘኋት። ቁጥር ማንበብ ትችላለች። ትቆጣለች ብዬ በር ላይ ቆምኩ።

«ቀዳሚው የትኛው ነው?» አለች።

መጥቼ በጣቴ አሳየኋት። የወንድም ጋሼ ነበር፣ የጥር ወር። ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ደብተሩን ከድና መልሳ ሰጠችኝ።