የላይደን ከተማ ድስት

በሆላንድ አገር ከአምስተርዳም ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የተጓዘ መንገደኛ ላይደን ከምትባለው ጥንታዊት ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ በአሮጌው ራይን ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን፣ ውሃው በቦይ እየተከፈለ በቤቶቹ መካከል ያልፋል። በ1575 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ ስሟን በዓለም አስጠርቶታል። እኛ ግን ለክቡራን አንባብያን ልናወሳ የወደድነው ስለ ሕንጻዎቿ ሳይሆን ስለ አንድ ድስት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከመመሥረቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1574፣ የእስጳንያ ንጉሥ ሠራዊት ላይደንን ከቦ እህል እንዳይገባባት ከልክሎ ነበር። በራብና በወረርሽኝ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። የኦራንዡ ልዑል ዊልያም ወገኖች ከተማዪቱን የሚያድኑበት ሌላ መንገድ ቢያጡ የባሕሩን መከላከያ ግድብ አፈረሱ። የገበሬው እርሻ በውሃ ተዋጠ፤ ነገር ግን በዚያው ውሃ ላይ ጠፍጣፋ ጀልባዎች እህል ጭነው ለመቅረብ ቻሉ። ጠላትም ውሃው ሲያይልበት ሌሊቱን ሸሸ። ኦክቶበር 3 ቀን ሲነጋ ጀልባዎቹ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣና ነጭ ዳቦ ይዘው ገቡ።

የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ፣ ኮርኔሊስ ዮፐንስዞን የተባለ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ወደ ጠላት ምሽግ ሄዶ ቢመለከት ማንም አልነበረም፤ ሥጋና ሥራ ሥር የተቀቀለበት ድስት ብቻ ተትቶ አገኘ ይላሉ። ሁትስፖት የሚባለው የሆላንዶች ምግብ መታሰቢያነቱ ለዚህ ነው። ያ ነው የሚባለው ድስትም ላከንሃል በተባለው የከተማዪቱ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይታያል።

በዚያ ድስት ውስጥ ግን ድንች አልነበረም። ድንች ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ስለ ሆነ በዚያ ዘመን የሆላንድ ሕዝብ ገና አልለመደውም ነበር። በስፍራው ይገባ የነበረው ካሮት የሚመስል ነጭ ሥር ነው፤ ድንች የተተካው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ለስድስት ሰው የሚበቃ ግማሽ ኪሎ የጎድን የበሬ ሥጋ ጨው ተጨምሮበት በለዘብተኛ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይቀቀላል። አንድ ኪሎ ተኩል ድንችና አንድ ኪሎ ካሮት ተልጠው ይቈራረጣሉ፤ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ድስት በጥቂት ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ከበሰሉ በኋላ ውሃው ተንጠፍጥፎ በእንጨት መደቆሻ ይደቆሳሉ። ፈጽሞ መላም የለባቸውም፤ የካሮቱ ቀለም በየስፍራው ሊታይ ይገባል። ከዚያም ለጋ ቅቤ፣ ጥቂት ወተት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጨመራል። በሳህን ሲቀርብ መካከሉን በማንኪያ ጐድጐድ አድርገው የሥጋውን መረቅ ያፈሱበታል፤ ሥጋውም በላዩ ይደረጋል። በጾም ወራት ሥጋው፣ ቅቤውና ወተቱ ቀርተው በዘይት ቢሠራም ጣዕሙ አይጠፋም።

የላይደን ሰዎች ዛሬም በየዓመቱ ኦክቶበር 3 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር አዘውትሮ መስከረም 23 ቀን በሚውለው በዓላቸው፣ ሁትስፖት ይበላሉ፤ ሄሪንግና ነጭ ዳቦም ለሕዝቡ ይታደላል፤ በቤተ ክርስቲያንም ምስጋና ይደረሳል። ዝክር ማዘጋጀት ልማዱ ለሆነ ቤተ ሰብ የዚህ ነገር ምሥጢሩ አይጠፋውም። ሰው መከራውን በጽሑፍ ብቻ ቢያኖረው ልጆቹ ሊዘነጉት ይችላሉ፤ በማዕድ ላይ ሲያኖረው ግን ሕፃኑ ሳይቀር «ይህን ለምን እንበላለን?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባትም ለመመለስ ይገደዳል። የጠገበ ትውልድ አያቶቹ መራባቸውን የሚያውቀው እንዲህ እየጠየቀ ነው። የላይደን እናቶችም ድንቹን ሲደቁሱ የሚጠብቁት ይህንኑ ጥያቄ ነው።